ሦስት ሰረዝ

«አንድ ለካይ ነበረ» አሉ መምህር አጥናፉ።

ይህን ያሉት ትርሲት ጥያቄ ጠይቃቸው ነው። የምሳ ሰዓት ነው፤ ሠልጣኞቹ ሁሉ ከወርክሾፑ ወጥተዋል። እሷ ግን የኮረንቲ መለኪያውን ቴስተር ፊቷ አስቀምጣ ቀርታለች። ሰኞ ከመስመር ሠራተኞች ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ትወጣለች። የጠየቀችው እንዲህ ብላ ነበር፦

«መምህር፣ ይሄ ነገር በጮኸ ቁጥር እፈራለሁ። መስታወቱ ላይ ምልክት ሲመጣ ሥራዬን አቆማለሁ። አብረውኝ የሚሠለጥኑት እነ ዳምጠው ግን ቁልፉን ጫን አድርገው ዝም ያሰኙትና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ‹አንቺን የሚገድልሽ ኮረንቲው ሳይሆን ድምፁ ነው› ይሉኛል። ፍርሃቱ እንዲለቀኝ ምን ላድርግ? ካልለቀቀኝስ ቢሮ እንዲመድቡኝ ልጠይቅ?»

መምህሩ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አድርጊ ወይም አታድርጊ አላሉም።

*

አንድ ለካይ ነበረ። ከመንገድ በታች የተቀበረ ኬብል ኃይል እንዳለው ወይም እንደሌለው ይለካል። ጠጋኝ ጓደኛ ነበረው። ጠጋኙ ጉድጓድ ወርዶ፣ የተበላሸውን የኬብል መጋጠሚያ በእጁ ፈትቶ ያድሳል።

በሁለቱ መካከል የሚነገሩት ቃላት ሁለት ብቻ ነበሩ። ለካዩ «ባዶ» ይላል። ጠጋኙ «በቃልህ» ይልና ጓንቱን ያወልቃል። ቀጫጭኑን ሽቦ በወፍራም ጓንት መያዝ አይቻልም። ስለዚህ በየቀኑ፣ አንድ ሰው በሌላው ቃል ላይ ባዶ እጁን ያሳርፍ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠሩ።

*

በመጀመሪያ የነበራቸው ቴስተር መርፌ ያለው ነው። ኃይል ሲያገኝ መርፌው ይነሣል፤ ካላገኘ ይተኛል። ግን የቴስተሩ ሽቦ ከተበጠሰም መርፌው ይተኛል። ይህን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ለካዩ ሦስት ጊዜ ይነካ ነበር። መጀመሪያ ኃይል እንዳለው የሚያውቀውን ሶኬት ነክቶ መርፌው ሲነሣ ያያል። ቀጥሎ ኬብሉን። ከዚያ ተመልሶ ያንኑ ሶኬት፤ መሣሪያው በመካከል እንዳልሞተ ለማረጋገጥ። ጠጋኙ ከጉድጓዱ ሆኖ በጣቶቹ ይቆጥር ነበር። ሦስተኛው ጣት ካልታጠፈ ጓንት አይወልቅም።

ከዚያ አዲስ ቴስተር መጣ። መስታወት አለው፤ ቁጥር ይጽፋል። ሲበራ ራሱን ይፈትሻል። ከፈተሸ በኋላ የራይት ምልክት ያሳያል።

ለካዩ የራይቷን ምልክት ወደዳት። ደህና ነኝ ብሎ ራሱ የሚናገር መሣሪያ ሌላ ምስክር ምን ያስፈልገዋል አለ። ሦስቱን ንክኪ ተወው። ጠጋኙም መቁጠሩን ተወ።

ራይቷ የምትመሰክረው ግን ስለ ሳጥኑ ሆድ ብቻ ነበር። ከሳጥኑ ስለሚወጡት ሁለት ሽቦዎች አንዳች አታውቅም። ይህ አብሮት በመጣው መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉን መጋዘን ውስጥ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጉጠውት ነበር።

*

አንድ ቀን ቁጥር መምጣት በነበረበት ቦታ ላይ ሦስት ሰረዝ መጣ። ጥግ ላይ ጥቁር ትንሽ ሥዕል ብልጭ ድርግም አለ፤ ጉንዳን ይመስላል። ድምፅም አሰማ።

ለካዩ ፈራ። ልክ እንደ አንቺ። መኪናው ውስጥ አሮጌ የሙከራ አምፖል ነበረው፤ ሁለት ሽቦ የወጣለት ተራ አምፖል። አምጥቶ ኬብሉን ሞከረ። አምፖሉ አልበራም። ኬብሉ ባዶ ነበር።

በሌላ ሳምንት ሦስቱ ሰረዞች ተመለሱ። ፈራ፤ ግን ያነሰ። አምፖሉን አመጣ። ባዶ።

ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። በአምፖሉ የሞከረው ከፍርሃት ይልቅ ከልማድ ነው። ባዶ።

ከዚያ በኋላ አምፖሉ ከወንበር ሥር አልወጣም። ለካዩ ሦስት ሰረዝ ማለት ባዶ ማለት እንደሆነ ተማረ። ደግሞም እኮ በዓይኑ አይቷል። ሦስት ጊዜ።

የቴስተሩ ሽቦ ከጎማው ሥር፣ ዓይን በማያየው ቦታ ተበጥሶ ነበር። ሲታጠፍ ይለያያል፤ ሲዘረጋ ይገናኛል። ሲለያይ መሣሪያው «ማየት አልቻልኩም» ይላል። ለካዩ የሚሰማው ግን «የሚታይ ነገር የለም» የሚል ነው። በእነዚያ ሦስት ቀናት ኬብሎቹ እውነትም ባዶ ነበሩ፤ ከማከፋፈያው ስለተዘጉ እንጂ ሰረዞቹ ስላሉ አይደለም።

*

ሰው ካልፈራ ይቀልዳል። ሰረዞቹ ሲመጡ «ጉንዳኗ መጣች» ማለት ጀመሩ። ድምፁን የምታጠፋ ቢጫ ቁልፍ ነበረች። ቢጫዋን ጫን፤ ዝም። «ባዶ።» «በቃልህ።»

ለካዩ ይህን ለሌሎችም አስተማረ። በከተማው ሌላ ጫፍ የሚሠራ ቡድን ተመሳሳይ ቴስተር ተሰጥቶት ነበር። የዚያ ቡድን ለካይ፣ የአራት ልጆች አባት፣ አንድ ቀን ሻይ ቤት አግኝቶት ጠየቀው።

«ይቺ ነገር ሦስት ሰረዝ እያሳየች አስጨነቀችኝ እኮ።»

«ባዶ ማለት ነው። ምን ያስጨንቅሃል?»

«ትጮሃለች።»

«ቢጫዋን ጫናት። እንደ እንግዳ ልታስተናግዳት ነው?»

ሰውየው ሳቀ። እፎይ አለ። ሻዩን ከፍሎለት ሄደ።

*

ትርሲት እዚህ ላይ አቋረጠቻቸው።

«ዳምጠውም እንዲሁ ነው የሚለው» አለች። «ሦስት ሰረዝ ባዶ ነው ይላል።»

መምህሩ አዩዋት።  ቀጠሉ።

*

ክረምት ነበር። ከአንድ የዱቄት ፋብሪካ ፊት ለፊት ያለ ጉድጓድ ተከፈተ። ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ይዟል። መስመሩ ከላይ ተዘግቷል ተብሎ በራዲዮ ተነገራቸው።

ጠጋኙ ወረደ። የመጋጠሚያውን ሳጥን ክዳን ፈታ። ለካዩ ከአፋፉ ተንበርክኮ ሽቦዎቹን አወረደ።

ሦስት ሰረዝ። ጉንዳን። ድምፅ።

ቢጫዋን ጫናት።

እንደገና ጮኸች። እንደገና ጫናት። እንደገና ጮኸች።

«ምን እያለች ነው?» አለ ጠጋኙ ከታች።

«ምንም። ጉንዳኗ ናት።»

«ዛሬ ደጋገመችሳ።»

«ዝናቡ ነው። ባዶ ነው።»

ጠጋኙ «በቃልህ» አላለም። የቀኝ ጓንቱን እስከ ግማሽ አውልቆ ቆሟል። የወለቀው የጓንት ጣት እንደ ሞተ ነገር ተንጠልጥሏል። ውሃው ጫማው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ያሰበው ስለ ውሃው ይመስለኛል።

«ባዶ ከሆነ» አለ፣ «ዛሬ አንተ ቀድመህ ያዘው።»

«ትቀልዳለህ?»

«አልቀልድም። ባዶ ሽቦ ነው። ምን አለበት?»

ለካዩ ተናደደ። በአሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ወረደ። ጓንቱን አውልቆ ብብቱ ሥር አደረገ። እጁን ዘረጋ።

እጁ ሄደ።

አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ።

ሦስት ሰረዝ ባዶ ነው አለ በልቡ። ስንት ጊዜ አይቻለሁ። መላልሶ አለው። እጁ አልሄደም። ዝናቡ በክንዱ ላይ ወርዶ ከጣቶቹ ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር፤ ጠብታው ሽቦው ላይ እንዳያርፍ መዳፉን ቀስ ብሎ ወደ ራሱ መለሰ። ያን ያደረገው ሳያስበው ነው። ባዶ በሆነ ሽቦ ላይ ጠብታ ቢያርፍ ምን ነበረበት?

አፉ ለጓደኛው እጅ ሲሰጥ የኖረውን ቃል የራሱ እጅ አልቀበልም አለ።

ጠጋኙ ይህን ቆሞ አየ። 

«አምፖሉን አምጣ» አለ ለካዩ።

*

አምፖሉን መጀመሪያ በፋብሪካው ዘበኛ ቤት ሶኬት ሞከሩት። በራ። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ አምጥተው ኬብሉን አስነኩት።

በራ።

ውሃው ውስጥም ሁለተኛ አምፖል በራ፤ የእሱ ነጸብራቅ። ሁለቱ ሰዎች በመካከላቸው ቆመዋል።

ከላይ የተዘጋው የእነሱ ሳይሆን የጎረቤቱ መስመር ነበር።

«ቀስ ብለህ ውጣ» አለ ጠጋኙ። ወጡ። ግድግዳውን ሳይነኩ፣ እርስ በርሳቸውም ሳይነካኩ ወጡ። ጠጋኙ መንገዱ ላይ ቆሞ ጓንቶቹን በሁለት እጁ አጠለቀ። መኪና ውስጥ ሲገባም አላወለቃቸውም። የመኪናውን በር በጓንት ዘጋው።

*

ለካዩ መኪናው ውስጥ ሆኖ ጉድጓዶቹን ማስታወስ ጀመረ። በገበያው በኩል ያለው። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ያለው። እያንዳንዱ ላይ «ባዶ» ብሏል፤ እያንዳንዱ ላይ ጓንት ወልቋል። በስንቱ ለክቶ ነው ያለው? በስንቱ ሳይለካ? አያውቅም። ሊያውቅም አይችልም። ቢጫዋ ሁሉንም አንድ አድርጋዋለች።

ከዚያ ያንን ሰው አስታወሰ። የአራት ልጆች አባት የሆነውን።

ደወለ። የሴት ድምፅ መጣ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም።»

እንደገና ደወለ። ያው ድምፅ።

ከመኪናው ወጥቶ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ ተቀመጠ።

«ሞቷል» አለ።

«ማን አለህ?» አለ ጠጋኙ በመስኮቱ።

«ስልኩ።»

«ስልኩ ሞቷል አላለም። አላገኘሁትም ነው ያለው። እሱም ሦስት ሰረዝ ነው። ተነሥ፣ እንሂድ።»

*

ከተማው በዝናብ ጊዜ እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። መኪናው አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ ይቆማል። የመስታወቱ መጥረጊያ ይመላለሳል። ለካዩ በየማቋረጫው ይደውል ነበር፤ ሴትየዋ በየማቋረጫው ያንኑ ትለዋለች። አንዴ አምቡላንስ በአጠገባቸው አለፈ። ወዴት እንደሚሄድ ሁለቱም አልጠየቁም።

ሲደርሱ ጉድጓዱ ተከፍቷል። በአፋፉ ላይ ማንም የለም።

ለካዩ ከመኪናው መውረድ አቃተው። ጠጋኙ ወርዶ ሄደ። ከዚያ እጁን አወዛወዘ።

ሰዎቹ ከአንድ ሱቅ ሸራ ሥር ተጠልለው ቆሎ ይበሉ ነበር። የዚያኛው ለካይ ስልክ ባትሪው አልቋል። ዝናቡ ጋብ እስኪል ነው የሚጠብቁት።

«ምን ሆናችሁ? ቀብር ያላችሁ ነው የምትመስሉት» አለ ሰውየው ቆሎ እያዘገናቸው።

«ለክተሃል?»

«ለክቻለሁ። ባዶ ነው።»

«ምን አሳየህ?»

«ሦስት ሰረዝ ነዋ። ራስህ አይደል ያስተማርከኝ?»

ለካዩ የራሱን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሰማ። በዚያው ቅላፄ፤ በዚያው ቀላል ልብ። አምፖሉን አምጥቶ መጀመሪያ በሱቁ ሶኬት አበራው፤ ከዚያ ኬብሉን ሞከረ።

አልበራም። ኬብሉ እውነትም ባዶ ነበር።

«አላልኩህም?» አለ ሰውየው፤ ሳቀ። ባልደረቦቹም ሳቁ።

ያን ጊዜ ለካዩ ከጉድጓዱ በባሰ ፈራ። ኃይል ያለው ሽቦ ሰውን ያስጠነቅቃል። ይህ ግን ትክክል ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ነገም ትክክል ይሆናል፤ ከነገ ወዲያም። እሱንም ራሱን ያታለሉት ትክክል የሆነባቸው ሦስት ቀናት አይደሉም እንዴ? ይህን ሰው በምን አፍ አሳምኖ ያስቆመዋል?

የሰውየውን ቴስተር አነሣ። ሁለቱን ሽቦዎች ከሳጥኑ ነቀላቸው። ሰበሰባቸውና ለባለቤቱ ሰጠው።

«ኪስህ ክተታቸው» አለው።

ሰውየው እየሳቀ ከተታቸው።

ለካዩ ቴስተሩን አጥፍቶ አበራው። ራሱን ፈተሸ። የራይት ምልክት አሳየ። ቀጥሎ ሦስት ሰረዝ መጣ። ጉንዳን። ድምፅ።

ወደ ሰውየው ፊት አስጠጋው።

«ምን ይላል?»

«ባዶ…» ብሎ ጀመረ ሰውየው።

አልጨረሰም። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ሽቦዎቹ እዚያ ነበሩ። ፊቱ ተለወጠ። ቆሎው ከሌላኛው እጁ እየተንጠባጠበ ወደ ጉድጓዱ አፍ ተመለከተ። ሊወርድበት የነበረውን ጉድጓድ አሁን ነው ያየው።

ማንም አልሳቀም።

*

መምህሩ ታሪኩን እዚህ ላይ ጨረሱ። ትርሲት ፊቷ ያለውን ቴስተር ታየዋለች። ሁለቱ ሽቦዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተጠማዝዘዋል።

«ፍርሃቴ እንዲለቀኝ ምን ላድርግ አልሽኝ» አሉ። «ፍርሃትሽ ሦስት ሰረዝ ነው። ኃይል አለ አይልም፤ የለምም አይልም። አልለካሽም ነው የሚለው። እነ ዳምጠው የማይፈሩት ከአንቺ የበለጠ አውቀው አይምሰልሽ። ቢጫዋን ስለተጫኑ ነው። አንቺ ሲጮህብሽ የምታውቂውን ንኪ፤ ከዚያ የማታውቂውን፤ ተመልሰሽ የምታውቂውን። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ራሱ ቁጥር ይሆናል። ቁጥር ካልሆነ ደግሞ ጉድጓድ አይወረድም። ለካይ ማለት ይኸው ነው። ለሰው እጅ ቃል የሚሰጥ ሰው መፍራት አለበት።»

 ከውጭ የሠልጣኞቹ ድምፅ ተሰማ፤ የምሳ ሰዓት እያለቀ ነው። የዳምጠው ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል።

«መምህር» አለች፣ «ሰኞ የምለካው እኔ አይደለሁም። ምደባው ትናንት ተለጥፏል። የሚለካው ዳምጠው ነው። ጉድጓድ የምወርደው እኔ ነኝ።»

መምህሩ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ነበር። ወደ ራሳቸው ሰበሰቡት።

«ምደባውን ዛሬውኑ እነጋገርበታለሁ» አሉ። «ግን ቢለወጥም ባይለወጥም ስሚኝ። እስካሁን የነገርኩሽ ለለካይ ነበር። አንቺ ጠጋኙ ነሽ። ጠጋኙ ያን ቀን የዳነው ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ ጫማው ውስጥ ውሃ ገብቶ ስለፈራ፣ ፈርቶም ስላላፈረ ነው። ዳምጠው ‹ባዶ› ሲልሽ ጣቶችሽን ቁጠሪ። ሦስተኛው ካልታጠፈ ‹በቃልህ› እንዳትዪው። ይስቅብሽ። የሚስቀው እሱ ነው፤ የሚወልቀው ጓንት ግን የአንቺ ነው።»

በሩ ተከፈተ። ዳምጠው ገብቶ ትርሲት ከቴስተሩ ጋር እንደተቀመጠች አያት።

«አሁንም አልታረቃችሁም?» አለ።

ትርሲት ሁለቱን ሽቦዎች ከሳጥኑ ነቀለች። ሰብስባ ዘረጋችለት።

«ኪስህ ክተታቸው» አለችው።